በአሜሪካ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት፦ የካህናትና የመጋቢዎች ደመወዝ፣ የቤት አበልና ጥቅማ ጥቅም እንዴት ይወሰናል? እንዴትስ ሪፖርት ይደረጋል?

በአሜሪካ ያሉ ብዙ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ሲጀመሩ የካህኑ ደመወዝ በወረቀት አይሰፍርም። «አባታችንን እንደ አቅማችን እናግዛለን» ተብሎ ሥራው ይጀመራል። አንድ ወር ቼክ ይጻፍላቸዋል፣ በሌላው ወር ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ይሰጣቸዋል፣ የቤት ኪራዩን ደግሞ ገንዘብ ያዡ በዜል ለአከራዩ ይልካል። የሚደረገው ሁሉ በቅንነት ነው። ካህኑ ግን ቤት ለመግዛት ባንክ ሲሄዱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክቱ ወይም ለጡረታ ሲደርሱ ለዓመታት ማገልገላቸውን የሚያሳይ አንድም ሰነድ አያገኙም። ያልተከፈለው ታክስም ከነቅጣቱና ከነወለዱ የሚመጣው በእርሳቸው ስም ነው።

ይህን የምጽፈው ለሰበካ ጉባኤና ለሽማግሌዎች ቦርድ አባላት፣ በተለይም ከሥራ መልስ ማታ ማታ የቤተ ክርስቲያኑን ሒሳብ ለምትይዙ ገንዘብ ያዦች ነው። ካህን ስል የኦርቶዶክሱን ቄስም የወንጌላውያኑን መጋቢም ማለቴ ነው፤ የአሜሪካ የታክስ ሕግ ሁለቱንም እኩል ያያል። የማስረዳው የፌዴራሉን ሕግ ነው። ስቴቶች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የምትኖሩበትን ስቴት ለይታችሁ ጠይቁ፤ ለምሳሌ ፔንሲልቬንያ በገንዘብ የሚከፈለውን የቤት አበል ግብር ታስከፍልበታለች።

1. እንደ ካህን የሚቆጠረው ማን እንደሆነ ለዩ

የቤት አበሉም ሆነ ልዩ የሆነው የሶሻል ሴኪዩሪቲ አሠራር የሚመለከተው አይ አር ኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) እንደ ካህን የሚቀበለውን ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ሹመቱ ነው፤ በቤተ እምነቱ ሥርዓት መሠረት ክህነት የተቀበለ ወይም ለአገልግሎቱ በይፋ የተሾመ መሆን አለበት። ቀጥሎ ሥራው ይታያል። ምሥጢራትን ይፈጽማል? አምልኮ ይመራል? በቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ድርሻ አለው? ምእመኑስ እንደ መንፈሳዊ መሪ ያየዋል?

ቀድሰው በሚያቆርቡ፣ በሚያጠምቁና ተክሊል በሚያደርሱ ቄስ ላይ ጥያቄ አይነሳም። የሚነሳው በዙሪያቸው ባሉት ላይ ነው። የቢሮ ጸሐፊዋ፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥረው ተቀጣሪ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሚሠሩ ብቻ ካህን አይባሉም። ከእነርሱ ደመወዝ እንደማንኛውም ሠራተኛ ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጣል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከራሱ ሌላ 7.65 በመቶ ጨምሮ ይከፍላል። ዲቁና ያለው ግን የሚከፈለው ለቢሮ ሥራ የሆነ ሰውም ክፍያው ለክህነት አገልግሎት ስላልሆነ የቤት አበል አይመደብለትም። መሪጌቶችና ዲያቆናት እንደየሥራቸው ስለሚታዩ፣ ከመወሰናችሁ በፊት የቤተ ክርስቲያን ታክስ የሚያውቅ ሒሳብ አዋቂ አማክሩ።

2. የካህኑን ሁለት ገጽ ተረዱ

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍላቸውና ሥራቸውን የሚከታተላቸው ካህን ለገቢ ግብር ሲባል ተቀጣሪ ናቸው፤ ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጣቸው ደብሊው-2 (የተቀጣሪን የዓመት ደመወዝና የተቆረጠበትን ታክስ የሚያሳየው ፎርም) ነው። ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር ግን ሕጉ በግሉ እንደሚሠራ ሰው ይቆጥራቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከካህኑ ደመወዝ 7.65 በመቶ አይቆርጥም፣ የራሱን ድርሻም አይከፍልም። ሙሉውን 15.3 በመቶ ራሳቸው ካህኑ በስኬጁል ኤስ ኢ (በግሉ የሚሠራ ሰው ይህን ታክስ በሚያሰላበት ቅጽ) አስልተው ይከፍላሉ።

ከዚህ የተነሳ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይሠራሉ። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ካህኑን እንደ ጸሐፊዋ ቆጥሮ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ይቆርጥባቸዋል። ሌላው ደግሞ «በግላቸው የሚሠሩ ከሆነ» ብሎ 1099 (ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የተከፈለውን የሚያሳይ ፎርም) ይሰጣቸዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለቋሚ ካህን 1099 መስጠት በተለይ ይጎዳቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሸፍንላቸው የጤና መድን እንኳ ከታክስ ነፃ መሆኑ የተመሠረተው በተቀጣሪነታቸው ላይ ነው።

የገቢ ግብሩንም ቤተ ክርስቲያኑ ከካህን ደመወዝ የመቁረጥ ግዴታ የለበትም። ካህኑ ከፈለጉ ግን ደብሊው-4 ሞልተው «በየወሩ ይህን ያህል ቁረጡልኝ» ማለት ይችላሉ። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ያሳያል።

3. ጠቅላላውን ክፍያ ወስኑ፣ ከዚያ ከፋፍሉት

ብዙ ጉባኤ የሚጀምረው «ቤቱን እንክፈልላቸው፣ ኪስ ገንዘብ ደግሞ ይህን ያህል» ከማለት ነው። ከጠቅላላው ጀምሩ። በአካባቢያችሁ ያሉ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ምን ያህል እንደሚከፍሉ ጠይቁ፣ ያገኛችሁትን ጻፉ፣ ተወያይታችሁ ወስኑ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ። ካህኑ የጉባኤው ሰብሳቢ ቢሆኑም በራሳቸው ደመወዝ ላይ ሲወሰን ከስብሰባው ይውጡ። እንዲህ የተወሰነ ክፍያ ተገቢ እንደሆነ ይገመታል። ከመጠን ያለፈ ክፍያ ግን በተቀባዩ ላይ በትርፉ 25 በመቶ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል፤ በጓዳ ተሰጥቶ የትም ሪፖርት ያልተደረገ ጥቅም ደግሞ መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ እንደ ትርፍ ክፍያ ሊቆጠር ይችላል።

4. የቤት አበሉን አስቀድማችሁ በጽሑፍ መድቡ

የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 107 ለካህን የሚሰጠው መብት ሁለት መልክ አለው። ቤተ ክርስቲያኑ የራሱን ቤት ወይም በራሱ ስም የተከራየውን አፓርትመንት ቢሰጣቸው፣ የቤቱ የኪራይ ዋጋ በገቢ ግብር አይታሰብም። ይህ ከ1921 ጀምሮ ያለ ነው። በ1954 ደግሞ በገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል ተጨመረበት። የገንዘቡ አበል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተከስሶ በ2017 አንድ የፌዴራል ዳኛ ፈርደውበት ነበር፤ በ2019 ግን የ7ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሽሮት ሕጉ እንደጸና ቀጥሏል።

መብቱ የሚሠራው አበሉ ከመከፈሉ በፊት ከተመደበ ብቻ ነው። በማርች ተወስኖ «ከጃንዋሪ ጀምሮ ይታሰብ» ማለት አይቻልም፤ የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ ክፍያ ያመለጠ ነው። ብዙ ደብር በጀቱን የሚያጸድቀው በሐምሌ ወይም በመስከረም ነው፣ የታክሱ ዓመት ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ብቻ በየዲሴምበሩ አንድ አጀንዳ ያዙ። ቃለ ጉባኤው ረጅም መሆን የለበትም፤ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«የሰበካ ጉባኤው ዲሴምበር __ ቀን ባደረገው ስብሰባ፣ ለቀሲስ ______ ለሚመጣው ዓመት የሚከፈለው ጠቅላላ ክፍያ 48,000 ዶላር እንዲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 24,000 ዶላሩ በገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 107 መሠረት የቤት አበል ሆኖ እንዲመደብ ወስኗል። ምደባው በሌላ ውሳኔ እስኪለወጥ ድረስ በሚቀጥሉት ዓመታትም የጸና ይሆናል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉ። አንድ ዲሴምበር ስብሰባው ሳይሟላ ቢቀር ካህኑን የምታድናቸው እርሷ ናት። ከዚያ አባላቱ ፈርመው ቅጂው ለካህኑ ይሰጥ።

ምን ያህል ይመደብ? ካህኑ የሚመጣውን ዓመት የቤት ወጪያቸውን ገምተው ለጉባኤው በጽሑፍ ያቅርቡ። ኪራይ ወይም ሞርጌጅ (ዋናውም ወለዱም)፣ ቤት ሲገዛ የሚከፈል ቅድሚያ ክፍያ፣ የንብረት ታክስ፣ የቤት ኢንሹራንስ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ውሃ፣ የቤት ዕቃና ጥገና ሁሉ ይገባሉ። ምግብና የቤት ሠራተኛ ደመወዝ አይገቡም። አበሉ የሚሠራው ለሚኖሩበት አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ለሚያሠሩት ቤት የሚልኩት ገንዘብም አይቆጠርም። ድንገተኛ ወጪ ስለማይጠፋ ከግምቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ መመደብ ይሻላል፤ ያልዋለው ወደ ገቢ ይመለሳል እንጂ ቅጣት የለበትም።

በዓመቱ መጨረሻ ከገቢ ግብር ነፃ የሚሆነው ከሦስቱ ትንሹ ነው፦ ጉባኤው የመደበው፣ ካህኑ በእውነት ለቤት ያወጡት፣ ወይም ቤቱ ከነዕቃው በገበያ ሊከራይ የሚችልበት ዋጋ መብራትና ውሃው ተጨምሮበት። ይህ የኪራይ ዋጋ ገደብ በ2002 በወጣ ሕግ በግልጽ ተደንግጓል። ካህኑ የቤት ደረሰኞቻቸውን የማስቀመጥ ኃላፊነት አለባቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰኝ የመመርመር ግዴታ የለበትም።

ቤት ገዝተው የሚኖሩ ካህን ሌላም ጥቅም አላቸው። በአበሉ የከፈሉትን የሞርጌጅ ወለድና የንብረት ታክስ ዝርዝር ተቀናሽ በሚያደርጉበት ጊዜ እንደገና መቀነስ ይፈቀድላቸዋል። ታክስ የሚሠራላቸው ሰው ይህን የማያውቅ ከሆነ ሌላ ቢፈልጉ ይሻላል።

5. ሒሳቡን ከካህኑ ጋር ተቀምጣችሁ አስሉ

ከላይ ያለውን ምሳሌ በ2025 እንውሰደው። ጠቅላላ ክፍያ 48,000፣ የቤት አበል 24,000፣ ቀሪው ደመወዝ 24,000 ዶላር። ካህኑ ለቤት ያወጡት 22,600 ሆነ እንበል፤ ቤቱ ከነዕቃው፣ መብራትና ውሃው ተጨምሮ 26,400 ያወጣል። ከሦስቱ ትንሹ 22,600 ስለሆነ ያ ነፃ ይሆናል፤ የተረፈው 1,400 ግን ካህኑ ታክስ ሲሞሉ ወደ ገቢያቸው ይጨመራል። ለገቢ ግብር የሚታሰበው ገቢ 25,400 ነው። ባለትዳር ሆነው በጋራ ከሞሉና ባለቤታቸው ገቢ ከሌላቸው፣ የ2025 መደበኛ ተቀናሽ (ታክስ ከመታሰቡ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው ቋሚ መጠን) 31,500 ዶላር ስለሆነ የገቢ ግብራቸው ዜሮ ይሆናል።

እዚህ ላይ ደስ ብሏቸው የሚሄዱ ካህናት አሉ። የቤት አበሉ ግን ከገቢ ግብር እንጂ ከሶሻል ሴኪዩሪቲና ከሜዲኬር ታክስ ነፃ አይደለም። ስኬጁል ኤስ ኢ ላይ 48,000ው በሙሉ ይገባል። ታክሱ የሚታሰበው በ92.35 በመቶው ላይ ስለሆነ፣ 48,000 በ92.35 በመቶ ተባዝቶ 44,328፣ ያም በ15.3 በመቶ ተባዝቶ 6,782 ዶላር። የልጆች ክሬዲት ካለ ይቃለላል፣ ከሌለ ግን «ግብር የለብዎትም» የተባሉት ካህን በኤፕሪል 6,782 ዶላር ይጠየቃሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቤት በዓይነት ቢሰጣቸውም የቤቱ የኪራይ ዋጋ በዚሁ ታክስ ውስጥ ይታሰባል።

መክፈያው ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በፎርም 1040-ኢ ኤስ በዓመት አራት ጊዜ መክፈል ነው፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። በምሳሌያችን በየጊዜው 1,700 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ቀደም ብዬ ያልኩት ነው፤ በደብሊው-4 በየወሩ 566 ዶላር የገቢ ግብር ተብሎ ይቆረጣል፣ ለሶሻል ሴኪዩሪቲው ዕዳም ይውላል። ለካህናት ሁለተኛው ይቀላል እላለሁ። የጾምና የበዓል ወቅት በአገልግሎት ተጠምደው የክፍያው ቀን ሊያልፋቸው ይችላል፤ የገና ሰሞን ሲያልቅ የጃንዋሪ 15ቱ ቀን ደርሷል።

አቅም ያለው ቤተ ክርስቲያን የታክሱን ግማሽ ለማገዝ ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጣል። መልካም ነው፣ ግን እርሱም ገቢ ስለሆነ ደብሊው-2 ላይ ይገባል።

ይህ ክፍያ ከባድ መሆኑ አይካድም። በሌላ በኩል የጡረታ መብት የሚገነባው በእርሱ ነው። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ለጡረታ የሚጠይቀው 40 ክሬዲት፣ ማለትም የ10 ዓመት ያህል ሥራ ነው፤ ለሆስፒታል ሕክምና የሚሆነውን ሜዲኬር ያለ ወርኃዊ ክፍያ ለማግኘትም ያስፈልጋል። በፖስታ እየተከፈላቸው ያረጁ ካህን በ65 ዓመታቸው ይህ ሁሉ የላቸውም። ከዚህ ታክስ በፎርም 4361 ነፃ መውጣት እንደሚቻል የሚነግሯቸው ሰዎች አሉ። ፎርሙ በሃይማኖታዊ መርሕ የመንግሥትን የማኅበራዊ መድን ጥቅም መቀበል ለሚቃወሙ ካህናት የተዘጋጀ ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ አይፈረምም፣ ከጸደቀ በኋላም አይሻርም። ምንኩስናም ብቻውን ደመወዝን ከታክስ ነፃ አያደርግም፤ ገንዘቡን ለራሳቸው የሚጠቀሙበት መነኩሴ እንደማንኛውም ካህን ይከፍላሉ።

6. ወጪ መመለስና ጥቅማ ጥቅም

ካህኑ ለአገልግሎት የሚያወጡትን ወጪ ከደመወዝ ለይታችሁ መልሱላቸው። ከ2018 ወዲህ ተቀጣሪ ራሱ ያወጣውን የሥራ ወጪ ከገቢ ግብር መቀነስ ስለማይችል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ካልመለሰላቸው ጉዳቱ የእርሳቸው ነው። ጉባኤው አጭር የወጪ ደንብ ያጽድቅ፦ ወጪው ለአገልግሎት መሆን አለበት፣ ደረሰኝና ምክንያቱ በ60 ቀን ውስጥ ይቅረብ፣ ቅድሚያ ተሰጥቶ የተረፈ ገንዘብ በ120 ቀን ውስጥ ይመለስ። እንዲህ ከሆነ የሚመለሰው ገንዘብ ገቢ አይባልም። በ2025 ለመኪና በማይል 70 ሳንቲም መክፈል ይቻል ነበር፤ የታመመ ለመጠየቅ፣ ለቀብር፣ እስር ቤት ያለን ሰው ለመጎብኘት የተነዳው ይቆጠራል። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን መመላለሱ ግን አይቆጠርም። «ለመኪና በወር 300» ተብሎ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ገንዘብ ደመወዝ ነው።

ለጤና መድን ጥሬ ገንዘብ ሰጥታችሁ «ራስዎ ይግዙ» አትበሉ፤ ታክስ ይታሰብበታል። ቤተ ክርስቲያኑ የቡድን መድን ቢገዛ ወይም ለትንንሽ ቀጣሪዎች በተፈቀደው የጤና ወጪ መመለሻ ዕቅድ ቢጠቀም ነፃ ይሆናል። ለጡረታ 403-ቢ የሚባለውን ዕቅድ ተመልከቱ፤ ካህኑ ከደመወዛቸው የሚያስገቡት ገንዘብ ከ15.3 በመቶው ታክስም ነፃ ነው።

ከኢትዮጵያ ካህን ለማምጣት ለአውሮፕላን ትኬትና ለዕቃ መጫኛ የምታወጡት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ለቀጠራችሁት ሰው እንደ ገቢ ይቆጠራል።

7. በፖስታ የሚሰጠው ገንዘብ

ክርስትና ሲነሳ፣ ተክሊል ሲደርስ፣ ፍትሐት ሲደረግ ወይም ቤት ሲባረክ ቤተሰቡ ለካህኑ ፖስታ ይሰጣል። ይህ ለአገልግሎት የተሰጠ ስለሆነ ገቢ ነው፤ ካህኑ በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ በሚሞላበት ቅጽ) ይሞሉታል፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ታክሱም ይታሰብበታል። አነስተኛ ደብተር ገዝተው ቀኑንና መጠኑን ቢመዘግቡ ይበቃል።

ለፋሲካ ወይም ለበዓለ ሲመታቸው ጉባኤው ከምእመናን አሰባስቦ የሚሰጣቸው ገንዘብ ስጦታ ቢባልም ደመወዝ ነው፤ ደብሊው-2 ላይ ይጨመራል። አንድ ምእመን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሳያልፍ፣ ስለ አገልግሎት ክፍያም ሳይሆን በፍቅር ብቻ የሚሰጠው የግል ስጦታ ግን ገቢ አይደለም። ሰጪውም ከታክሱ አይቀንሰውም።

ለአንድ ጉባኤ የመጡ እንግዳ ሰባኪ ወይም ዘማሪ ከተከፈላቸው 1099 ይሰጣቸዋል። ገደቡ እስከ 2025 ድረስ በዓመት 600 ዶላር ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ 2,000 ሆኗል። የጉዞና የሆቴል ወጪ በደረሰኝ ከተመለሰላቸው በዚህ ውስጥ አይገባም።

8. ፎርሞቹን ሙሉ

ቤተ ክርስቲያን ፎርም 990 (ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች የሚሞሉትን ዓመታዊ ሪፖርት) የማቅረብ ግዴታ ስለሌለበት «እኛ ምንም አንሞላም» የሚል ገንዘብ ያዥ ብዙ ነው። የቀጣሪ ግዴታ ሌላ ነገር ነው።

በየሩብ ዓመቱ ፎርም 941 (ቀጣሪ የከፈለውን ደመወዝና የቆረጠውን ታክስ የሚያሳውቅበት) በኤፕሪል፣ በጁላይ፣ በኦክቶበርና በጃንዋሪ መጨረሻ ይቀርባል። የካህኑ ደመወዝ ያለ ቤት አበሉ በመስመር 2 ይገባል፣ የተቆረጠ የገቢ ግብር ካለ በመስመር 3። ተቀጣሪው ካህኑ ብቻ ከሆኑ በመስመር 4 ያለው «ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር የሚታሰብ ደመወዝ የለም» የሚለው ሳጥን ምልክት ይደረግበታል። ጸሐፊ ወይም ሌላ ሠራተኛ ካለ ሳጥኑ ባዶ ይተውና የእነርሱ ደመወዝ በየመስመሩ ይሞላል።

የካህኑ ደብሊው-2 እስከ ጃንዋሪ 31 ይሰጣል። በሳጥን 1 ደመወዙ ብቻ ይገባል፤ በምሳሌያችን 24,000። በሳጥን 2 የተቆረጠው ግብር። ሳጥን 3 እና 5 ባዶ ይሆናሉ፤ ደመወዝ የሚሠራላችሁ ሶፍትዌር በራሱ እንዳይሞላቸው ካህኑን በትክክል መመዝገባችሁን አረጋግጡ። የቤት አበሉን ሳጥን 14 ላይ ወይም በተለየ ደብዳቤ ማሳወቅ ይቻላል። እኔ ሁለቱንም አደርግ ነበር፤ ደብዳቤው ለባንክም ይጠቅማል።

ከሠራተኛ ደመወዝ የተቆረጠ ታክስ የመንግሥት አደራ ነው። ለኪራይ ወይም ለሕንፃ ግዢ ተበድራችሁ አታውሉት፤ ሳይገባ ከቀረ ቼክ የሚፈርመው ሰው በግል ሀብቱ ሊጠየቅ ይችላል፣ በነፃ የሚያገለግል ቢሆንም።

ካህኑ በአር-1 ቪዛ ከመጡ

አር-1 ለሃይማኖት ሠራተኞች የሚሰጥ ጊዜያዊ ቪዛ ነው፤ መጀመሪያ እስከ 30 ወር ይሰጣል፣ በጠቅላላው ከ5 ዓመት አይበልጥም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲያመለክት የሚከፍለውን ደመወዝና የሚሰጠውን ቤት ይገልጻል። ቪዛው ሲታደስ ያ ቃል መፈጸሙ በደብሊው-2 ወይም በታክስ ሰነድ ይጠየቃል። በሃይማኖት ሠራተኛነት ለመኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክቱም የ2 ዓመት ተከታታይ አገልግሎት መታየት አለበት። ስለዚህ በቪዛው ማመልከቻ ላይ የተጻፈው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የባንክ ወጪውና ደብሊው-2ው አንድ ዓይነት ቁጥር ይናገሩ። ለውጥ ካደረጋችሁ ለጠበቃው አስቀድማችሁ ንገሩ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ታክስ ስምምነት የለም፤ ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው የሚቀነስላቸው ነገር አይኖርም።

ያለፉት ዓመታት ሳይሞሉ ከቀሩ

ከዛሬ ጀምሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለቀሩት ወራት የቤት አበል መድቡ፤ ወደ ኋላ ቀን የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ማንም ቢመክራችሁ አትፈርሙ፣ ያልነበረ ስብሰባን እንደነበረ አድርጎ ለመንግሥት ማቅረብ ነውና። በስሕተት የተሰጠ ደብሊው-2 በደብሊው-2 ሲ፣ በስሕተት የገባ 941 በ941-ኤክስ ይታረማል። ካህኑም የራሳቸውን በ1040-ኤክስ ያርማሉ። የተመላሽ ጥያቄ በአብዛኛው ከተሞላበት ቀን በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ያለ አግባብ የተቆረጠባቸው ካህን ካሉ በቅድሚያ የእርሳቸውን ፋይል አውጡ።